«ለበጎ ነው» ይሉኛል

ሰላም ለእርስዎ። የምጽፍልዎ ሞጣ አካባቢ ካለ ገጠር ነው። ነሐሴ ላይ የ10 ዓመት ወንድሜ ከብት ይዞ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። የዘነበው ላይ አገር ነው፤ እኛ ጋ ጠብታ አልነበረም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ እናቴ እየሰማች «የወላጅ ኃጢአት ነው» አለች። እናቴ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ኮንጎ ጫማው ከመደቡ ሥር አለ፤ ጭቃው ደርቆበታል። ማንም አይነካውም። እግዚአብሔር ቸር ከሆነ፣ ሁሉንም ከቻለ፣ ለምን? ብዬ መጠየቄ ኃጢአት ነው? ለእናቴስ ምን ልበላት?
የሞጣዋ

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

መጠየቅሽ ኃጢአት አይደለም። ኢዮብም ጠይቋል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ «በድለህ ነው» አሉት። እግዚአብሔር ኢዮብንም ገሥጾታል፤ ቁጣው የነደደው ግን በወዳጆቹ ላይ ነው።

ፈላስፎችም ብዙ ደክመውበታል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ ክፋት የሚመጣው ከፈቃዳችን ነው አለ። ሰው ሰውን ሲገድል ይህ ያስኬዳል። ደራሽ ውሃ ግን ፈቃድ የለውም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1710 እ.ኤ.አ. ይህ ዓለም ሊኖሩ ከሚችሉት ሁሉ የተሻለው ነው ብሎ ጻፈ። በ1755 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ሰዉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ያኔ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር «ሁሉም መልካም ነው» የሚሉትን በግጥም ሞገታቸው። እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። «ለበጎ ነው» የሚሉሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን ልጅ ለቀበረች እናት የሚባል ነገር አይደለም።

የጎረቤታችሁ ቃል ግን እናትሽ ልብ ውስጥ እንዳይቀር። ሉቃስ ምዕራፍ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ 18 ሰዎች ላይ ወድቆ ገደላቸው። ጌታ፣ እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ጠየቀ። ራሱም መለሰ፤ አይደለም። ለሁሉም ንስሐ ግቡ አለ እንጂ የሞቱትን ለይቶ አልወቀሰም። የነፍስ አባታችሁ ቤት ድረስ መጥተው ይህን ያንብቡላት። ካንቺ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ይሻላል።

አንቺ ምንም አትበያት። ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ተቀመጪ። ስታለቅስ «በቃሽ» አትበያት። ስሙን ከጠራች አብረሽ ጥሪው።

ጫማውንም አታንሺው። እሷ ልታነሣው የፈለገች ቀን ግን ብቻዋን እንዳትሆን።