መልስ፦ በሲቲ ስካን የትከሻ ምስል ላይ ስለሚታየው ጭረት

ሰላም ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ «ምስሉ ትከሻ ላይ ይሻክራል፣ አግድም ይጫጫራል፤ ሚሊአምፔሩን ልጨምር?» ብለሃል። ሚሊአምፔሩን (ጨረር በሚያመነጨው ቱቦ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን) በጅምላ አትጨምር! እጥፍ ብታደርገው ሕመምተኛው የሚወስደው ጨረር እጥፍ ይሆናል፤ ሻካራነቱ ግን የሚቀንሰው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ችግሩ ጨረሩ ከጎን ሲያልፍ በሁለቱ ትከሻዎች አጥንት ስለሚዋጥ ጨረሩን ተቀብሎ ምስል የሚያስገኘው ዳሳሽ ጋ የሚደርሰው ማነሱ ነው። ስለዚህ የቱቦውን ፍሰት እንደ ሰውነቱ ውፍረት የሚቆጣጠረውን አውቶማቲክ ሥርዓት አብራው፤ ከጎን ሲሆን ይጨምራል፣ ከፊት ሲሆን ይቀንሳል። ሕመምተኛው ከመሃል ከወጣ ግን ስሌቱ ይዛባል፤ የአልጋውን ከፍታ በሌዘሩ መስመር አስተካክል። ከማተቡ ላይ የተንጠለጠለ የብር መስቀልም ጭረት ያመጣል፤ እናቶችን በትሕትና ጠይቀህ ከምስሉ ክልል አስወጣው። ደረት ከሆነ እጆቻቸውን ወደ ላይ ያንሱ። ለሕፃናት ደግሞ አደራህን፣ ለቱቦው ቮልቴጅ ከ120 ኪሎቮልት ይልቅ ብዙ ጊዜ 100 ወይም 80 ይበቃል።