ዳማከሴንና መሰል ዕፅዋትን ለምትፈትሹ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የአገራችንን ዕፅዋት ለሕመምና ለእብጠት ማስታገሻነት ለመፈተሽ ስትነሱ፣ ቤተ ሙከራ ከመግባታችሁ በፊት እናቶች ዕፁን እንዴት እንደሚጠቀሙበት በትዕግሥት ጠይቁ። ዳማከሴን ብንወስድ፣ ምች ለመታው ሰው እርጥቡ ቅጠል በመዳፍ ታሽቶ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ይሸተታል፣ ግንባርና ገላ ይቀባል፣ ጥቂቱም በቡና ይጠጣል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ቅጠሉን በጥላ አድርቀንና ፈጭተን ሜታኖል በተባለ አልኮል (80 በመቶ) ለ72 ሰዓት እንዘፈዝፍና፣ ከዚያ የወጣውን ጭማቂ (ኤክስትራክት) ፈትሸን «የእናቶች መድኃኒት ሠርቷል» እንላለን። ይህ አያስኬድም፤ ለቅጠሉ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ተናኝ በመሆኑ በማድረቅና በማትነን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የእርጥቡን ቅጠል ጭማቂ ጎን ለጎን ፈትሹ፤ የዕፁንም ናሙና ከነአበባው የደረቁ ዕፅዋት ናሙና በሚጠበቅበት በብሔራዊ ሀርበሪየም አስመዝግቡ።

ለእብጠት የምንጠቀምበት፣ ተመራማሪዎቹ እነ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቁት ዘዴ፣ በአይጧ የኋላ መዳፍ ሥር እብጠት የሚያስነሣውን ካራጊናን የተባለ ንጥረ ነገር መውጋት ነው። የመጀመሪያውን እብጠት በአብዛኛው ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የተባሉ የሰውነት ኬሚካሎች ያመጡታል፤ ከዚያ በኋላ የሚበረታው ግን በዋናነት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሌላ የሰውነት ኬሚካል ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ ብትተዉት ዕፁ የትኛውን እንደገታ አታውቁም፤ በየሰዓቱ ለኩ፣ አስፕሪን ወይም ኢንዶሜታሲን የተባለውን የእብጠት መድኃኒት ከተሰጠው ቡድን ጋርም አነጻጽሩ።

አብዝቼ የምሰጋው ስለ ሕመም ፍተሻው ነው። አይጧ 55 ዲግሪ በሚሞቅ ሳህን ላይ ቆማ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ድረስ ያለው ጊዜ ይለካል፤ መዳፏ እንዳይቃጠልም በ15 ሰከንድ ገደማ ትነሣለች። ዘግይታ ከላሰች ሕመሙ ቀንሶላታል ለማለት ያስቸኩላል፤ ሆኖም ዕፁ አፍዝዟት ወይም ጡንቻዋን አድክሟት እንደሆነ በዚህ ልኬት ብቻ መለየት አይቻልም። ያንኑ መጠን የወሰደች አይጥ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ሚዛኗን ጠብቃ መቆየት መቻሏን ሳታረጋግጡ «ሕመም ያስታግሳል» የሚል ቃል ባትጽፉ እመርጣለሁ፤ በሽተኛ ሰው ቃላችሁን አምኖ መጠኑን ሊያበዛ ይችላልና።

ሰዓቱን የሚይዘው ሰው ደግሞ የትኛዋ አይጥ ዕፁን፣ የትኛዋ ውሃ ብቻ እንደወሰደች አይወቅ። ጥቂት ሰከንዶች ውጤቱን በሚለውጡበት ሥራ፣ ዕፁ እንዲሠራ የሚመኝ እጅ ሳያስበው ሰዓቱን ያዘገያል። ቡድኖቹን የሚደለድለው ሌላ ባልደረባ ይሁን፤ ዝርዝሩንም ልኬቱ ሁሉ እስኪጠናቀቅ ድረስ አሽጎ ያቆየው።