በሀይዌይ 1 ላይ ሁለት ቀን፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ካሊፎርኒያው የባሕር ዳር መንገድ፣ በተለይም ቢግ ሰር ስለሚባለው ክፍሉ ናቸው። ሰዓቶቹ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሳን ሆዜ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ቅዳሜና እሑድን በባሕር ዳሩ መንገድ ሎስ አንጀለስ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሎስ አንጀለስን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። በሁለት ቀን ደርሶ መልስ ካሉ ጊዜው በሙሉ መሪ ላይ ያልቃል፤ እናትዎም ደክመው ይመለሳሉ። ጉዞውን በባሕር ዳሯ ትንሽ ከተማ በካምብሪያ ላይ ይግቱት። ከካርሜል እስከ ካምብሪያ 100 ማይል ያህል ነው፤ ሳይቆሙ ቢነዱ እንኳ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እየቆሙ ለመሄድ ስድስት ሰባት ሰዓት ይያዙለት።

አነዳድዎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን። በአሜሪካ በቀኝ ስለሚነዳ ባሕሩ በሚነዱበት መስመር በኩል፣ በቀኝዎ ይሆናል፤ ወደ ማቆሚያዎቹም የተቃራኒውን መስመር ሳያቋርጡ ይገባሉ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ግራ መታጠፍ ከሁሉ የከፋው አደጋ ነው፤ ከኩርባው ጀርባ የሚመጣው መኪና አይታይም።

ቅዳሜ ጠዋት በ7 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1 ሰዓት፣ ይነሡ። ካርሜል ላይ ነዳጅ ሞልተው ከካርሜል 13 ማይል ያህል ርቆ የሚገኘውን የቢክስቢ ድልድይ ከረፋዱ በፊት ይድረሱበት። በ1932 የተሠራ የኮንክሪት ቅስት ነው፤ ከሰሜን ጫፉ ካለው ማቆሚያ ሆነው እናትዎ ብዙ ሳይራመዱ ያዩታል። እኩለ ቀን ላይ ማቆሚያው ይሞላል። ያኔ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለመቆም አይሞክሩ፤ ሌላ ማቆሚያ ይፈልጉ።

ቀጥሎ ጁሊያ ፋይፈር በርንስ ፓርክ ነው። የማክዌይ ፏፏቴ ከ80 ጫማ ከፍታ አሸዋው ላይ ይወርዳል። ወደ አሸዋው መውረድ ክልክል ነው፤ የሚታየው ከላይ ካለው የእግር መንገድ ነው። መንገዱ አንዳንዴ ለጥገና ስለሚዘጋ የፓርኩን ማስታወቂያ ዋዜማውን ያንብቡ። ከዚያ ያለው ረጅም ስለሆነ ውኃ ይዘው፣ ሳይጣደፉ ወደ ደቡብ ይውረዱ። ሄርስት ካስል ከሚባለው፣ ዛሬ ጎብኚዎች ከሚያዩት የባለጸጋ ግንብ ከመድረስዎ 5 ማይል ያህል ሲቀር ፒየድራስ ብላንካስ ላይ ኤለፈንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት ተኝተው ያገኛሉ። መግቢያው ነጻ ነው፤ በእንጨት መተላለፊያው ላይ አረጋውያንም በቀላሉ ይራመዳሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ ለእናትዎ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አናውቅም።

ማደሪያውን ካምብሪያ አስቀድመው ይያዙ። እሑድ ሄርስት ካስልን ማየት ከፈለጉ ትኬቱን ቀደም ብለው ይቁረጡ፤ ደረጃ ስለሚበዛ ለእናትዎ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ የተዘጋጀውን ጉብኝት ይጠይቁ። ሲመለሱ በ46 ቁጥር መንገድ ወደ ሀይዌይ 101 ይውጡ፤ ሳን ሆዜ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ መንገዱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል ይባላል። ከደረስን በኋላ ዝግ ሆኖ ብናገኘውስ?

መልስ፦ በእርግጥ ይዘጋል። መንገዱ በተራራውና በባሕሩ መካከል የተቆረጠ ስለሆነ ዝናብ ሲጠናበት መሬቱ ይንሸራተታል። በ2017 መድ ክሪክ ላይ የወረደው ናዳ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶታል፤ በ2021 ራት ክሪክ ላይ ጎርፍ አስፋልቱን ጠርጎ ባሕር ከቶታል። ስለዚህ ዋዜማውን፣ ከዚያም ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት የካሊፎርኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት የካልትራንስን የመንገድ ሁኔታ ካርታ፣ ኩዊክማፕን፣ በኢንተርኔት ይመልከቱ። ስልክዎ የሚያሳየውን ካርታ ብቻ አይመኑ።

መካከሉ ዝግ ከሆነ አቋራጭ አይፈልጉ። በዚያ ክፍል ወደ 101 የሚያሻግረው አንድ ተራራማ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ከካርሜል እስከ መዝጊያው ሄደው አይተው ይመለሱ፤ ከዚያ በ68 ሳሊናስ ወጥተው በ101 ወደ ደቡብ ይውረዱና በ46 ካምብሪያ ይግቡ። ቢክስቢንም ኤለፈንት ሲሎቹንም በዚህ መልኩ ታያላችሁ። የስልክ ኔትወርክ በአብዛኛው መንገድ ላይ ስለሌለ ካርታውን ቤት ሳሉ ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ የማደሪያውንም አድራሻ በወረቀት ይጻፉ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አሮጌ ነው። ምን ላስፈትሽ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጎማ። ፔኒ ሳንቲም ወስደው የሊንከንን ራስ ወደ ታች አድርገው በጎማው ጥርስ መካከል ይክተቱት፤ ራሱ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው አልቋል። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይሙሉ፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛው ወሰን ነው። ስኮርታውም ንፋስ መያዙን፣ ክሪኩም መኖሩን ይዩ። ፍሬኑ ሲረገጥ የሚጮኽ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሳያሠሩ አይውጡ።

ኩርባ ላይ ቢጫው ምልክት ፍጥነቱን ይነግርዎታል፤ ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ይቀንሱ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠው እንደያዙ አይውረዱ፤ ፍሬኑ ሲግል ኃይሉን ያጣል። ዝቅ ያለ ማርሽ ያስገቡ። ከኋላዎ አምስት መኪና ወይም ከዚያ በላይ ከተሰለፈ ማሳለፊያው ላይ ወጥቶ ማሳለፍ በካሊፎርኒያ ሕግ ግዴታ ነው። ቢግ ሰር ውስጥ ያሉት ጥቂት ማደያዎች ውድ ስለሆኑ ካርሜል የሞሉት ነዳጅ ካምብሪያ ያድርስዎ።

ጥያቄ፦ ከሰል ይዘን፣ ባሕሩን እያየን ቡና ብናፈላስ?

መልስ፦ በፍጹም። በ2016 ጋራፓታ ፓርክ ውስጥ በሕገወጥ መንገድ ከተለኮሰ እሳት የተነሣው የሶቤራነስ ቃጠሎ 132,000 ኤከር ያህል አውድሟል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ለምሳም መረቅ የበዛበትን ወጥ ትታችሁ ደረቅ ፍርፍር፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ፤ ኩርባው መረቅ ያፈስሳል፣ ሽታውም የሚያጥወለውለውን ሰው ያብስበታል። መኪና የሚያምመው ሰው ፊት ይቀመጥ፣ ስልክ አያንብብ፣ መስኮት ይከፈትለት።

ጥያቄ፦ ለጉብኝት የመጣው ወንድሜ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ሊያግዘኝ ይችላል?

መልስ፦ ዕድሜው 18 የሞላ ጎብኚ በአገሩ የጸና መንጃ ፈቃድ በካሊፎርኒያ መንዳት ይችላል። መኪናው የእርስዎ ከሆነ ኢንሹራንስዎ እሱን ይሸፍን እንደሆነ ደውለው ያረጋግጡ፤ የኪራይ ከሆነ ውሉ ላይ ስሙ እንደ ተጨማሪ ሾፌር ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ሰው አደጋ ቢያደርስ ወጪው እርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያም ሆኖ የካርሜልና የካምብሪያን መካከል እርስዎ ይንዱት፤ ለእሱ የእሑዱን 101 ይስጡት።