በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የጎንደርን ዘመን ማጥናት ለሚሹ

ጠያቂያችን የጎንደርን ዘመን ታሪክ ለማጥናት በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በተባባሪ ተመራማሪነት ለማመልከት ማሰብዎን ገልጸው፣ ማመልከቻው በምን ላይ ቢያተኩር እንደሚሻል ጠይቀዋል። በዚያው ቤተ መጻሕፍት የብራና ክፍል የሠራሁ በመሆኔ የማውቀውን እነሆ።

ስለ ርዕስዎ አስፈላጊነት ገጽ ከመሙላት ይልቅ የትኞቹን ብራናዎች፣ በየትኛው መለያ ቁጥር እንደሚመረምሩ ለይተው ይጻፉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተመራማሪ የሚጋብዘው በዋናነት የራሱ ስብስቦች እንዲጠኑለት ነውና። ለዚህ ግን አንድ ካታሎግ አይበቃም። ብዙዎች የቤተ መጻሕፍቱን የኢትዮጵያ ብራናዎች በሚዘረዝረው፣ እ.ኤ.አ. በ1877 በታተመው በዞተንበርግ ካታሎግ ይጀምራሉ፤ የሚያሳዝነው፣ እዚያው ያበቃሉ። ፈረንሳዊው ተጓዥና ተመራማሪ አንትዋን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውና እርሱ ራሱ በ1859 ካታሎግ ያሳተመላቸው ብራናዎች በዚያ የሉም፤ ያኔ የዳባዲ የግል ንብረት ነበሩና። ከ1931 እስከ 1933 በተካሄደው፣ የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ በተባለው የፈረንሳይ የባህል ጥናት ጉዞ፣ በማርሴል ግሪዮል መሪነት የተሰበሰቡትም የሉም። ልዑኩ በ1932 ለወራት ጎንደር ስለ ተቀመጠ፣ ለእርስዎ ጥናት ይህን ስብስብ አስቀድማለሁ። ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው የተወሰዱት ሥዕሎች ግን በኬ ብራንሊ ሙዚየም ስለሚገኙ፣ በዕቅድዎ ለሙዚየሙም ጊዜ ይመድቡ።

ገምጋሚዎች መጠየቃቸው የማይቀረው ጥያቄ አለ፦ ጋሊካ በተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ዲጂታል ማከማቻ ብዙ ብራና በነጻ እየተነበበ ፓሪስ መምጣት ለምን ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ጠንካራ መልስ ያዘጋጁ። ተፍቆ በሌላ የተተካ የባለቤት ስም፣ በኋላ ዘመን በሌላ ቀለም በኅዳግ የገባ የርስትና የጉልት ውል፣ የጥራዙ አሰፋፍ፣ የተቆረጠ ቅጠል፣ እነዚህ ሁሉ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈ ይናገራሉ፤ ፎቶግራፍ ግን ከእነርሱ ብዙውን ይደብቃል። ለእኔ ከዜና መዋዕሉ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝ እነዚህ የኅዳግ ውሎች ናቸው፤ ዜና መዋዕል የቤተ መንግሥቱን ወሬ ሲያወራ፣ ውሉ የመሬቱን ሻጭና ገዥ፣ የምስክሮቹንም ስም ይዘረዝራል። ዲጂታል ቅጂ ያለውን ብራና በአካል ለማየት ምክንያት ማቅረብ ስለሚጠየቅ፣ ይህንኑ ማብራሪያ ለንባብ ክፍሉም ይጠቀሙበታል።

የዳባዲ የጉዞ ደብተሮችም በዚያው ስላሉ፣ የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ የሚያበቃ ፈረንሳይኛ ካለዎት በማመልከቻው በግልጽ ይጥቀሱት። ብራናዎቹ የሚነበቡት በአሮጌው በሪሽሊዩ ሕንጻ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የታተሙ መጻሕፍት ግን በፍራንስዋ ሚተራን ሕንጻ ስለሆኑ የሥራ ቀኖችዎን በዚሁ መሠረት ይከፋፍሉ።