ዞኒንጉ 308 የሆነ ታውን ሃውስ ለምትገዙ

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ለቤት ግዢ አበቃችሁ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ታውን ሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት፣ ልትገዙ ነው፤ የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ «ዞኒንግ 308» ይላል። ዞኒንግ መሬት ላይ ምን እንደሚፈቀድ የሚወስን የካውንቲው ደንብ ነው። ጋራዡን ለእናትህ መኝታ ማድረግ፣ ኩሽናውን ወደ ጓሮ ማስፋት ፈልገሃል። ባለቤትህ ደግሞ ቤት ውስጥ ዴይኬር፣ የልጆች መዋያ፣ መክፈት ታስባለች። ኤጀንቱ «ቤቱ የራሳችሁ ነው፣ የፈለጋችሁትን ታደርጋላችሁ» ብሏችኋል።

እኔ እንዲህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ ነው የምኖረው። በሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤ በምንለው፣ የቤት ለውጥ ማመልከቻ ከሚያዩት ሰዎች አንዷ ነኝ። የኤጀንቱን ቃል ይዛችሁ እንዳትፈርሙ።

308 ፒ ዲ ኤች 8 ለሚባለው ዞን የተሰጠ ኮድ ነው። በፕላን የሚለማ የመኖሪያ ቀጠና ማለት ነው። 304 ቢል ፒ ዲ ኤች 4 ይሆናል። 8 ማለት በመሠረቱ በአንድ ኤከር፣ በእኛ አነጋገር በ4 ሺህ ካሬ ገደማ፣ ቢበዛ 8 ቤት ይሠራል ማለት ነው። ቁጥሩ ግን የመላው መሬት አማካይ ነው። ለዚህ ነው ቤቶቹ ተጠጋግተው ከጀርባቸው ሰፊ ጫካ የምታየው።

ተራው ዞን ላይ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ከድንበር ስንት ጫማ እንደምትርቅ፣ ምን ያህል ከፍታ እንደምትሠራ በካውንቲው ደንብ ተጽፏል፤ አንብበህ ትጨርሳለህ። እናንተ የምትገዙት ላይ ግን አልሚው መላውን መሬት ከነፕላኑ ለካውንቲው አቅርቦ አስጸድቋል። ጥቅሉን ፕላን የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ የሚባለው የካውንቲው ምክር ቤት፣ የመጨረሻውን ዝርዝር ፕላን ፕላኒንግ ኮሚሽኑ ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ የዚያ ሰፈር ሕግ ያ ፕላን ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰው የተፈቀደ ነገር ለእናንተ ላይፈቀድ ይችላል። ፕላኑ ዝም ባለበት ቦታ ብቻ ካውንቲው ለሰፈሩ የሚቀርበውን ተራ ዞን መለኪያ ያደርጋል።

ይህ አሠራር እዚያው ካውንቲ ውስጥ ታሪክ አለው። ሮበርት ሳይመን የሚባል አልሚ በ1961 ዛሬ ሬስተን የምንላትን 6,750 ኤከር ገዛ። ሱቅ፣ አፓርትመንት፣ ታውን ሃውስና ሐይቅ አንድ ላይ እንዲሆኑ ፈለገ። የጊዜው ዞኒንግ መኖሪያን ከሱቅ፣ አንዱን የቤት ዓይነት ከሌላው ለይቶ የሚያስቀምጥ ስለነበር አላስኬደውም። ካውንቲው በ1962 አዲስ የዞን ዓይነት አወጣ። ሬስተን ውስጥ ሌክ አን የሚባለው ሐይቅ ዳር ሄዳችሁ ብትንሸራሸሩ ያንን ሐሳብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኔ በበኩሌ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ልጆቼ መኪና ሳይፈሩ በእግር የሚሄዱበት መንገድ የተገኘው በዚህ ነው። የእናንተ ጓሮ የጠበበው ግን ያ ጫካና መንገድ የጋራ ስለሆነ ነው። ጓሮን ማስፋት አስቸጋሪ የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ዋናው ወረቀት። ፕሮፈር ይባላል። አልሚው መሬቱ ዞኑ እንዲቀየርለት ሲጠይቅ በጽሑፍ የገባው ቃል ነው። ይህን ያህል ዛፍ አልነካም፣ ይህን መንገድ እሠራለሁ፣ ጋራዦቹ ለመኪና ብቻ ይሆናሉ ይላል። ቃሉ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። አልሚው ሸጦ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ የገዛኸውንም አንተን ያስርሃል። ብዙ ሰው ቤት ገዝቶ ዓመታት ኖሮ ይህ ወረቀት መኖሩን አይሰማም። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰነዱ የሕዝብ ነው፤ ማንም በነፃ ያየዋል። በካውንቲው የዞኒንግ ካርታ ላይ አድራሻውን ስታስገባ በአር ዜድ የሚጀምር የኬዝ ቁጥር ታገኛለህ። ቁጥሩ ዓመቱንና የምርጫ ወረዳውን ይነግርሃል፤ ኤስ ዩ ካለ ሰሊ፣ ቢ አር ካለ ብራዶክ ነው። በዚያ ቁጥር ፕሮፈሩንና የጸደቀውን ፕላን ትጠይቃለህ።

ወደ ጥያቄዎችህ ልምጣ። ጋራዡን እርሳው ባይ ነኝ። በታውን ሃውስ ሰፈሮች ጋራዡ ከሚጠበቀው የመኪና ማቆሚያ ቁጥር ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ፕሮፈሮችም ጋራዡን መኪና እንዳይገባበት አድርጎ መለወጥን በግልጽ ይከለክላሉ። አንድ ጎረቤታችን ሳይጠይቅ ግድግዳ አቁሞ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሁሉንም አፍርሶ እንደነበረ መልሷል። ለአንድ ጋራዥ ብሎ ፕሮፈር ማስቀየር ደግሞ ማመልከቻ፣ ክፍያና የሕዝብ ስብሰባ ያለበት ረጅም ጣጣ ነው።

ለእናትህ ቤዝመንቱ ይሻላል። መኝታ ክፍልና መታጠቢያ በግንባታ ፈቃድ ይሠራል። ለአደጋ ጊዜ መውጫ የሚሆን መስኮት ግን ያስፈልገዋል፤ የመስኮቱ አፍ ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። መስኮት የሌለውን ክፍል «መኝታ ነው» ብሎ የሚያሳይህን ሻጭ አትመን። ታች ለምጣዱ ሙሉ ኩሽና ካስገባህና በር ለይተህ ከዘጋኸው ግን እንደ ሁለተኛ ቤት ይታያል። ካውንቲው በቤት ውስጥ ሁለተኛ መኖሪያ የሚፈቅደው ለብቻቸው ለቆሙ ቤቶች ነው፤ ታውን ሃውስ አይገባበትም።

ኩሽናውን ወደ ኋላ ማስፋት በፕላኑ ይወሰናል። ሦስት ነገር ተመልከት። የቤቱ መሠረት የተሳለበትን መስመር፣ ዛፍ እንዳይነካ የተከለለውን ቦታ፣ የዝናብ ውሃ ቱቦ የሚያልፍበትን ኢዝመንት፣ ማለትም ለዚያ አገልግሎት ክፍት መሆን ያለበትን መሬት። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው የመጨረሻው ነው። ዴክ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት በረንዳ፣ ከክፍል ይቀላል፤ አንዳንድ ፕላን ላይ ዴክ የሚወጣበት ልክ አስቀድሞ ተስሏል። ያ ካለ ዕድለኛ ናችሁ።

ዴይኬሩን በተመለከተ ባለቤትህን አይዞሽ በላት። በታውን ሃውስ በአንድ ጊዜ እስከ 5 የሌላ ሰው ልጆች፣ ለብቻው በቆመ ቤት እስከ 7 ካውንቲው ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ እስከ 12 ድረስ ልዩ ፈቃድና የሕዝብ ስብሰባ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ወላጆች መኪና የት ያቆማሉ የሚለው ዋና ጥያቄ ነው። ከካውንቲው ሌላ ቨርጂኒያ ከራስሽ ልጆች ውጭ 5 ልጅ ስትይዢ የስቴት ፈቃድ አውጪ ትላለች። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን መያዝ ሌላውን አያስቀርም።

የማኅበሩ ደንብም ለብቻው አለ። የበር ቀለም፣ የአጥር ቁመት፣ የዴክ እንጨት፣ አንዳንዴም የቤት ውስጥ ሥራ በእሱ ይገዛል። እኛ «እሺ» ብለን የፈረምንለት ሰው ካውንቲው ከልክሎት ያውቃል። ካውንቲው ፈቅዶለት እኛ ጋ የቀረም አለ። ሁለቱም ፊርማ ሳይያዝ ኮንትራክተር አይጠራም።

ጊዜያችሁ አጭር ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ሻጩ የማኅበሩን ሰነድ፣ ሪሴል ሰርቲፊኬት የሚሉትን፣ መስጠት አለበት። ውል ከተፈረመ በኋላ ሰነዱ ሲደርሳችሁ ሐሳባችሁን ለመቀየር 3 ቀን አላችሁ። ውሉ ላይ እስከ 7 ቀን ማራዘም ስለሚቻል ኤጀንቱ 7 ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። እነዚያ ቀናት ውስጥ ሰነዱን አንብቡ፣ ያለፈው ባለቤት ያልተፈታ የደንብ ጥሰት እንዳለበትም እዩ። ያላለቀ ጥሰት ካለ ግዢውን ከመዝጋታችሁ በፊት ሻጩ ያስተካክል። ፕሮፈሩ ግን እዚያ ጥቅል ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ እሱን ከካውንቲው ራሳችሁ አውጡ።

ሜሪላንድንም እያያችሁ ከሆነ ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። በ1967 የተከፈተችው ኮሎምቢያ የራሷ ኒው ታውን የሚባል ዞን አላት፤ የቤት ለውጥም በየመንደሩ ማኅበር በኩል ያልፋል።

የአር ዜድ ቁጥሩን ስታገኝ እዚህ ለጥፍልን። የጋራዡንና የዛፉን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን። የቤቱን አድራሻ ግን አትጻፍ።