መብራት ሲመጣ የሚጠፋው ፎልደር

ጥያቄ፦ «በፍኖተ ሰላም ለእህል ነጋዴዎች ሒሳብ የምንሠራ አነስተኛ ቢሮ ነን። የደንበኞቻችን መዝገብ ሁሉ ዊንዶውስ 10 በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ፋይሉን ከእሱ ላይ ይከፍታሉ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ፎልደሩ አልተገኘም ይላል። በቅርቡ የገዛነው ላፕቶፕ ደግሞ ከነጭራሹ አልገባም ብሏል። አንዳንድ ጊዜ ፋይሉ ይከፈታል፤ አስተካክሎ ማስቀመጥ ግን አይቻልም። ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉን የያዘው ኮምፒውተር፣ ይቀየር ይሆን?»

መልስ፦ አይቀየር፤ ገንዘቡን መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ለሚሰጠው ባትሪ፣ ለዩፒኤስ፣ ያውሉት። የገለጹልኝ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ነው። ማሽኑ ያረጀ የመሰለው ሁሉም አንድ ላይ ስለ መጡ ነው።

መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውና ለእያንዳንዱ የቁጥር አድራሻ የሚያድለው ራውተርም ሰርቨሩም እኩል ይነሣሉ። ራውተሩ አድራሻ ማደል ሳይጀምር ሰርቨሩ ከቀደመው፣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ሌሎቹ ሊያገኙት አይችሉም። ወይም ትናንት 192.168.1.5 የነበረውን ራውተሩ ዛሬ 192.168.1.8 ያደርገውና የሠራተኞችዎ አቋራጭ ተከራዩ የለቀቀውን ቤት ሲያንኳኳ ይውላል። ለማጣራት በሰርቨሩ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው «አይፒኮንፊግ» (ipconfig) የሚለውን ትእዛዝ ይስጡና አድራሻውን ይጻፉት። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር የፋይል መስኮት የአድራሻ መስመር ላይ \\192.168.1.8 ብለው ያስገቡ፤ ቁጥሩ ያገኙት ይሁን። በቁጥር ተከፍቶ በሰርቨሩ ስም እምቢ ካለ ኬብሉም ፎልደሩም ደኅና ናቸው፤ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ፒንግ፣ ማለትም ሌላው ኮምፒውተር መኖሩን የሚጠይቀው ትእዛዝ፣ መልስ ስላልሰጠ ብቻ ኬብል ለመቀየር አይቸኩሉ፤ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት የሚቆጣጠረው ፋየርዎል ራሱ ፒንግን ሊከለክል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። ሰርቨሩ ሲነሣ ራውተሩን ካጣ ኔትወርኩን እንደማያውቀው ቆጥሮ «ፐብሊክ» ከሚለው ምድብ ያስገባዋል። በዚህ ምድብ ፋየርዎሉ ለፋይል መጋራት የሚያገለግለውን 445 ቁጥር ወደብ ይዘጋል። ከኔትወርክ ቅንብሩ ገብተው ወደ «ፕራይቬት» ይመልሱት። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ «ተስተካክሏል» የሚል ባለሙያ ከገጠመዎት፣ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት መልሶ እንዲያበራው ያድርጉ።

ዘላቂው መፍትሔ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ለሰርቨሩ አንድ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ነው። መብራት ሲመጣም መጀመሪያ ራውተሩን ያብሩ፤ መብራቶቹ ሲረጉ ሰርቨሩን ያስነሡ።

ወደ ላፕቶፑ ስመጣ፣ ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ 24ኤች2 እትም ይመስለኛል። «ዊንቨር» (winver) የሚለው ትእዛዝ እትሙን ያሳይዎታል። የእናንተ ፎልደር ያለ የይለፍ ቃል፣ በእንግድነት የሚገባበት ከሆነ ይህ እትም አይቀበለውም፤ እያንዳንዱ ግንኙነት በፊርማ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ እንግዳ ደግሞ መፈረም አይችልም። መላው በሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ያለው የተጠቃሚ ስም መክፈትና ፎልደሩን በእነዚያ ስሞች ማጋራት ነው። ላፕቶፑ ሲጠይቅ የሰርቨሩን ስም፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ (\)፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም ያስገቡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚከፍትበትን አራት አኃዝ ፒን ይጽፍና ይናደዳል። ፒን የሚሠራው በዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው የይለፍ ቃሉ ነው። ትክክለኛውን አስገብተውም ካልተቀበለ፣ ላፕቶፑ የያዘውን አሮጌ የይለፍ ቃል «ክሬደንሻል ማናጀር» ከሚባለው ቦታ ይሰርዙት።

ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ አሠራር እንዲያበሩ የሚመክርዎት አይጠፋም። እንዳይሰሙት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባው በዚያ በኩል ነበር፤ እንደ እናንተ የሰው ሒሳብ የያዘ ቢሮ ያን በር መልሶ ሊከፍት አይገባም።

ማስቀመጥ አለመቻሉ ከሁለት አንዱ ነው። የሚያቅተው ሁልጊዜ አንድ ሠራተኛን ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ፈቃድ ነው። አንድ ፎልደር ሁለት ፈቃድ አለው፤ አንዱ በ«ሼሪንግ»፣ ሌላው በ«ሴኪዩሪቲ» ገጽ ይሰጣል። ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ብቻ ሙሉ ፈቃድ መስጠት አይረዳም። ችግሩ ከመብራት መጥፋት በኋላ ብቅ የሚል ከሆነና ኤክሴል ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል ካለ ግን፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ በ~$ የሚጀምር ድብቅ ፋይል ይፈልጉ። ኤክሴል ፋይሉ ሲከፈት የሚፈጥረው፣ ሲዘጋም የሚያጠፋው ነው፤ መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ሳይጠፋ ይቀራል። ፋይሉን የከፈተው ሰው አለመኖሩን በሰርቨሩ «ኮምፒውተር ማኔጅመንት» ውስጥ፣ «ኦፕን ፋይልስ» ከሚለው ዝርዝር ያረጋግጡና ያን ድብቅ ፋይል ይሰርዙት። ዋናውን ፋይል እንዳይነኩ።

የማይክሮሶፍት መደበኛ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ የሚችል ከሆነ የሐምሌ ግብር ግርግር ሳይጀምር ወደ ዊንዶውስ 11 ያሻግሩት፤ ከዚያ በፊት ግን መዝገቡን በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው፣ ዲስኩን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት።