ከጃኬቱ ጋር ስለሚያወራው ሰውዬ

እህቴ፣ "ጋኔንና መንፈስ የሌለበት፣ ድንገት እየጮኸ የማያስደነብር፣ ግን ካለቀ በኋላ ከጭንቅላት የማይወጣ ሆረር ንገሩኝ። ስለ ጃኬት የሆነ አለ ሲሉ ሰምቼ ቀልድ መስሎኝ ነበር" ብለሻል። ቀልድ አይደለም፣ አለ። "ዲርስኪን" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የፈረንሳይ ፊልም ነው። 77 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ምሽትሽን አይበላብሽም።

እኔ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ስቄ ስቄ ተኛሁ። ሁለተኛው ላይ አልሳቅኩም።

ዦርዥ የሚባል ጎልማሳ ነው፣ ትዳሩ ፈርሶበታል። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ይቆምና የለበሰውን ኮት አውልቆ ሽንት ቤት ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፣ ከዚያ ውሃ ይለቅበታል። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄዶ ዘርፍ የተንጠለጠለበት የአጋዘን ቆዳ ጃኬት ከ7 ሺህ ዩሮ በላይ ከፍሎ ይገዛል። ሻጩ ቪዲዮ ካሜራ ምራቂ ይሰጠዋል። ጃኬቷ በእኔ ዓይን ታጥረዋለች፣ እሱ ግን መስታወት ፊት ሲቆም ሙሽራ ነው። ሚስቱ የባንክ ሂሳቡን ታዘጋበታለች፣ ለሆቴሉ የጋብቻ ቀለበቱን መያዣ ያደርጋል። ማታ ማታ ከጃኬቷ ጋር ያወራል። እሷም ትመልስለታለች፣ በራሱ ድምፅ። (ጃኬቷ እያልኩ ነው አይደል? ይኸው ተጋባብኝ።) እሷ በዓለም ላይ ብቸኛዋ ጃኬት መሆን ትፈልጋለች፣ እሱ ደግሞ ጃኬት የለበሰ ብቸኛ ሰው መሆን። እንዴት ሊያሳካው እንደሚሞክር አልነግርሽም። የጣሪያ ማራገቢያ ክንፍ አለበት፣ እዚህ ላይ ልተወው።

ዳይሬክተሩ ካንታን ዱፒዩ ቀደም ሲል ሰው ስለሚገድል የመኪና ጎማ ፊልም የሠራው ሰውዬ ነው፣ ስለዚህ ቅርፁን መገመት ትችያለሽ። ሙዚቃ እያስጮኸ ሊያስፈራራሽ አይሞክርም። ዦርዥን የሚጫወተው ዣን ዱዣርዳን፣ ያ ኦስካር የወሰደው፣ አንዴም "እየቀለድኩ ነው" የሚል ፊት አያሳይሽም። ሰውዬው ፍጹም ጤነኛ የሚመስል ነገር ነው የሚያወራው።

አሁን ለምን እንዳልሳቅኩ። በሁለቱ እይታዎች መሃል ዕቁብ ደረሰኝ። ፍሪጅ ልንገዛበት ነበር። መርካቶ ወርጄ፣ ፍሪጅ ላይ ሳልደርስ ቡናማ የቆዳ ጃኬት አየሁ። ለበስኩት፣ አላወለቅኩትም። የቤት ወሬውን ልለፈው። በዚያ ሙቀት ታክሲ ውስጥ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ዚፑን እስከ አንገቴ ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ከፊት የተቀመጠውን ሰው ጃኬት እያየሁ "ይሄ ፕላስቲክ ነው፣ ቆዳ እንኳን አይደለም" እላለሁ በሆዴ። ሰውዬው ምን አደረገኝ? ምንም። አንድ ማታ ወንበር ላይ ሳንጠለጥለው ትከሻው እንዳይጎብጥ ፎጣ ጠቅልዬ ከውስጥ ከተትኩበት፣ "እንደሱ ይሻልሃል" አልኩት። ጮክ ብዬ። የገዛ እህቴ በር ላይ ቆማ ትሰማኝ ነበር።

ፊልሙን እንደገና ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። ዦርዥ መስታወት ፊት ወደ ጎን ዞር ሲል፣ ያን መዞር አውቀዋለሁ። ጠዋት አድርጌዋለሁ።

ግን የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ። ሁሉም ስለ ዦርዥ ያወራል፣ እኔ የምፈራው ዴኒዝን ነው። የመንደሩ ቡና ቤት አስተናጋጅ ናት፣ አዴል ኤኔል ነች የምትጫወታት። ዦርዥ ፊልም ሠሪ ነኝ ብሎ ይዋሻታል፣ እሷ የቀረፀውን ቪዲዮ እየቆራረጠች ታቀናብርለታለች፣ ገንዘብ ትሰጠዋለች፣ "ጨምር" ትለዋለች። ያለ እሷ አንድ ያበደ ሰውዬ ሆኖ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔም ዴኒዝ ነበረችኝ። አንድ ጓደኛዬ ባየኝ ቁጥር "አበደ! ቦት ጫማ ብቻ ነው የቀረህ" ይለኝ ነበር። ቦት ጫማውን ልገዛ ብር ተበድሬ ነበር፣ ከማን? ከራሱ።

ደም ብዙ አትጠብቂ፣ አለ፣ ግን ፊልሙ በደም ላይ የቆመ አይደለም። ፈጣን ነገር ከፈለግሽ መጀመሪያው 20 ደቂቃ ያሰለችሻል፣ ታገሺው። ስታይ ዴኒዝ ቪዲዮውን እያየች ዝም የምትልባቸውን ቦታዎች ተከታተያቸው፣ በተለይ ውሸታም መሆኑን መቼ እንዳወቀች። እኔ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር ባይ ነኝ። ጨርሰሽ ስትመጪ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እንከራከርበት።